ውጭ ቆሜ ያስቀደስኩባቸው እሑዶች

በወር አበባዬ ሳምንት ወደ ቤተ መቅደስ አልገባም። ውጭ፣ ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። እናቴ እንዲህ አሳድጋኛለች፤ ሲያትል መጥቼም አልተውኩትም። ሲዘንብ ጃንጥላ ይዤ፣ ሲበርድ ከነጠላዬ ሥር ወፍራም ጃኬት ለብሼ እቆማለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከኦቴሎ ሰፈር ብዙም የማይርቅ፣ ቀድሞ የፈረንጆች የነበረ ሕንጻ ነው። ከፊቱ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ከማቆሚያው ማዶ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወርድ የእሾህ ቁጥቋጦ። ውጭ የምንቆም ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት እንሆናለን። ለምን እንደቆምን ሁላችንም ስለምናውቅ አንጠያየቅም።

ይህ የምጽፈው ነገር የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥሮቹ ውስጥ፣ ከተማው ሁሉ ስለ ድንኳን ይከራከር በነበረ ሰሞን ነው። በድልድይ ሥር፣ በመናፈሻ ዳር፣ በየመንገዱ ጥግ ድንኳን በዝቶ ነበር። በበጋው እኛ አጥር ሥርም አንድ ሰማያዊ ሸራ ተተከለ። ኅዳር ሲገባ አራት ሆኑ። መጀመሪያ ፈራሁ፤ አልዋሽም። ውጭ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ግን ዓይኑ ሁልጊዜ ጸሎቱ ላይ አይሆንም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና ማየት ጀመርኩ።

ሰማያዊው ሸራ ውስጥ የሚኖረው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ጢሙ የሸበተ ፈረንጅ ነበር። የሚታጠፍ ወንበር አውጥቶ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ይቀመጣል። ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያው «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል ብድግ ይላል። እኛ እስክንቀመጥ ድረስ አይቀመጥም። ሁለት ወር ይህን አየሁና አላስቻለኝም። የኅዳር ጽዮን ዝክር ዕለት የተረፈውን ምግብ በፎይል ጠቅልዬ በአጥሩ በር በኩል ወሰድኩለት።

«የሚለው ይገባሃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አንዲት ቃል አይገባኝም። ባለቤቶቹ ሲነሱ እንግዳ ቁጭ ብሎ አያይም ብዬ ነው» አለኝና ጥቅሉን ከፈተ። «ሥጋ የለውም?»

«ጾም ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ገና አምስት ሳምንት አለው።»

«እንግዲያው ሰፈር አመራረጥ አላውቅበትም» አለና ሳቀ።

ከወር በኋላ፣ ዳግመኛ ውጭ በቆምኩበት እሑድ፣ ነገሩ መጣ።

በቤተ ክርስቲያናችን ማድ ቤት የምታገለግል አንዲት ወጣት አለች። እኔን «እትዬ» ትለኛለች፤ እኔም እንደ ልጄ አያታለሁ። ጥገኝነት ጠይቃ ጉዳይዋ ፍርድ ቤት ነበር። ቀጠሮዋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያን ቀን የልደት ወረቀቷን፣ ከአገር ቤት እስር ቤት የወጣችበትን ደብዳቤና ሌሎችንም ዋና ዋና ሰነዶቿን በአንድ ፖስታ ይዛ መጥታ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ምእመን ትርጉሙን ሊያይላት ቃል ገብቶላታል። ነገር ግን ልትቆርብ ስለነበር ቦርሳ አንግታ መቆም አልፈለገችም። ከመኪናዋ ወንበር ሥር ደብቃው ገባች።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። የቆረበ ሰው እንዲህ ነው፤ አፉን ሸፍኖ፣ ነገር ሳያበዛ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መኪናዋ አጠገብ ቆማ ዝም አለች። እኔም ከቁርባኑ የተነሣ መስሎኝ ጥቂት ጠበቅኳት። ዝምታዋ ሲበዛ ጠጋ አልኩ። የመኪናው መስኮት ረግፎ ወንበሩ ላይ ፈሷል። ቦርሳው የለም። እንባዋ በነጠላዋ ላይ ይወርዳል፤ አፏን ግን አልገለጠችም፤ አልጮኸችም።

እኔ እኮ ከዚያ መኪና ሃያ እርምጃ ርቄ ነበር የቆምኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ከድምፅ ማጉያው ዜማ የተነሣ መስኮቱ ሲሰበርም አልሰማሁም። ለወሬ ስገልጠው ኖሬ በዚያች ሰዓት ጨፈንኩት።

ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ገና ማዕዱ ሳይነሣ ክርክሩ ተጀመረ። የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ ታክሲ የሚነዳ፣ ልቡ ደግ፣ አፉ ግን ፈጣን ሰው ነው።

«ስንቴ ተናገርኩ? ሲቲውን ኮል አድርገን ይነሱ አላልኩም? በዚህ ዓመት ይቺ ሦስተኛዋ መኪና ናት!»

አንዲት እናት መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ነዳያንን ከደጁ የሚያባርር ቤተ ክርስቲያን የት አይተሃል?» አሉት።

«እነዚህ ነዳያን አይደሉም፣ እማማ። ነዳይ ስለ ማርያም ይላል። እነዚህ ስለ ማን ይላሉ?»

«ባይሉስ? አንተ ራስህ ስለ ማርያም ብለህ የለመንከው ስንቴ ነው?»

«እኔማ በትራፊክ መብራት ሁሌም እላለሁ» አለ፤ ሰው ሳቀ። እሱ ግን ወዲያው ኮስተር አለ። «ኦኬ፣ ሶ ቢያንስ ፖሊስ ይጠራ።»

«አይጠራ!»

ልጅቷ ናት፤ ከቆረበች ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነበር። ለምን እንደፈራች የማያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም የማያውቅ መሰለ። በሌላ ስቴት ያለ ዘመዷ በተሰበረ የመኪና መብራት ምክንያት ፖሊስ አስቁሞት ከዚያ ወደ ኢሚግሬሽን እስር ቤት ተላልፏል። ለእሷ ፖሊስ ማለት የዚያ መንገድ በር ነው።

ሰኞ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት መምህርት እንከባከብ ነበር። ከሲያትል ወጣ ብሎ ፌደራል ዌይ የሚኖር ልጃቸው በየቀኑ ይደውልላቸዋል፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ነው የሚያወሩት። የሚያወሩት ደግሞ ይህንኑ ነው። እሱ ድንኳኖቹ ይነሱ፣ ሌባ ይታሰር፣ ወረቀት የሌለው ይመለስ፣ ሕግ ካልተፈጸመ ሕግ አይባልም ይላል። እሳቸው ደግሞ ድንኳን ብታነሣ ሰውየው አይጠፋም፣ ሌላ መንገድ ላይ ይተክለዋል፣ ቤት ስጠው ይሉታል። ይጯጯሃሉ። ሲጨርሱ «እወድሃለሁ» «እወድሻለሁ» ተባብለው ይዘጋሉ። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በእኛ ቤት እንዲያ የተናገረ ሰው ለዓመት ይኳረፋል።

ያን ቀን ድንች እየላጥኩ፣ ልጃቸው ገና መስመር ላይ እያለ፣ ደፍሬ ገባሁበት።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ከተማ ፖሊስ ቢጠራ፣ ስለ ወረቀት ይጠይቃል?»

«የከተማው ፖሊስ አይጠይቅም፤ ደንቡ ይከለክለዋል» አሉኝ እሳቸው።

«ለጊዜው» አለ ልጃቸው በስልኩ ውስጥ።

ስልኩ ሲዘጋ ሌላም ጠየቅኩ። «እነሱ፣ እነሱ ስትሉ፣ እኔም አለሁበት?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አንቺማ አንቺ ነሽ» አሉኝ። መልሱ ደስም አላሰኘኝ፣ አላስከፋኝም። አውቶቡስ ላይ ሆኜ እስከ ቤቴ ድረስ ሳገላብጠው ሄድኩ።

ማክሰኞ የልጅቷ ጠበቃ ደወለችላት። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሰነዶቹ ለምን እንደጠፉ የሚያስረዳ የፖሊስ ሪፖርት ካልቀረበ፣ ዳኛው ከመጀመሪያውም አልነበሩም ሊል ይችላል። ልጅቷ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቤቴ መጥታ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «እትዬ፣ ብደውል እፈራለሁ፣ ባልደውል እመለሳለሁ» አለችኝ።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ሽሮ ይዤ ወደ ሰማያዊው ሸራ ሄድኩ። ሰውየው ክዳኑን ከፍቶ «አሁንም ጾም?» አለኝ።

«አሁንም። እሑድ ዕለት የሆነውን አይተሃል?»

አይቷል። ግራጫ፣ ንጹሕ መኪና መጣ። ነጭ ጫማ ያደረገ ወጣት ወረደ፤ መስኮቱን መታ፤ ቦርሳውን ወሰደ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልሞላም። «የማይጠቅማቸውን መንገዱ ጫፍ ላይ ይጥሉታል» ብሎ የጎማ ጫማውን አጠለቀ። አብረን በዝናብ ወረድን። ብላክቤሪ በሚሉት በዚያ የእሾህ ቁጥቋጦ መሐል፣ እጁ እየተቧጨረ፣ ቦርሳውን አወጣው። ገንዘቡ የለም። የውዳሴ ማርያም መጽሐፏ አለ። ፖስታውም አለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ጠጥቷል። የልደት ወረቀቱ ማኅተም ቀልጦ ገጹን ወይን ጠጅ አድርጎታል፤ ደብዳቤው ላይ ከቀኑ በቀር የሚነበብ አልቀረም።

«ይህን ለፖሊስ ትናገርልናለህ?» አልኩት።

ቦርሳውን እጄ ላይ አኖረው። «ለአንቺ ነግሬሻለሁ። ለእነሱ አልናገርም።»

«ለምን?»

«መናፈሻ ውስጥ በመተኛቴ ክስ ነበረብኝ። ቀጠሮው ዕለት አልሄድኩም። ስሜን ካዩ ይወስዱኛል።»

እዚህ አገር የተወለደ ሰው፣ ቋንቋው የራሱ፣ አገሩ የራሱ፣ ፖሊስ የሚፈራው ልክ እንደ ልጅቷ ነው። የመምህርቷና የልጃቸው ክርክር ውስጥ እሱ አንድ ወገን፣ እሷ ሌላ ወገን ነበሩ። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠራቸው አልሰማሁም።

በሚቀጥለው እሑድ ልጅቷ ራሷ ደወለች። ስልኩን እኔ ያዝኩላት። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ወጣት ፖሊስ መጣች፤ ፊቷ የድካም ነው። ስም፣ ስልክ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የቦርሳው ቀለም ጠየቀች። ልጅቷ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ መጨረሻው ጥያቄ ትጠብቀዋለች። የወረቀቱ ጥያቄ አልመጣም። በምትኩ ሌላ መጣ።

«ያየ ሰው አለ?»

ጸሐፊያችን ሳያስበው ዓይኑን ወደ አጥሩ ጣለ። ፖሊሷ ዓይኑን ተከትላ አየች።

«የሰረቁት ድንኳን ውስጥ ያሉት ናቸው?»

አሁን «አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ነገሩም ያልቅ ነበር፤ ሪፖርቱም ይጻፋል፤ ድንኳኖቹም ይነሳሉ። ጸሐፊው አፉን ሊከፍት ሲል ልጅቷ ቀደመችው። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ «እነሱ አይደሉም። ቦርሳዬን ያገኘልኝ እሱ ነው» አለች።

«እሱ ማነው?»

እኔ አጥሩን እንዳላይ አንገቴን አቀረቀርኩ። የድንኳኑ ዚፕ ግን ተሰማኝ። ሰውየው ሁለት እጁ በግልጽ እንዲታይ አድርጎ ወጣ፣ በአጥሩ በር ገባ፣ ያየውን አንድ በአንድ ተናገረ። ግራጫውን መኪና፣ ነጭ ጫማውን፣ የሄዱበትን አቅጣጫ። ፖሊሷ ጻፈች። ስሙን ጠየቀች፤ ትንሽ ዘግይቶ ነገራት። «አድራሻ?» አለችው።

ሰውየው ወደ ሸራው ዞር ብሎ አየ፤ ወደ እኛም አየ። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ጸሐፊያችን ጉሮሮውን ጠራርጎ የቤተ ክርስቲያኑን ቁጥርና መንገድ፣ በዚያ ለታክሲ ተሳፋሪ በሚናገርበት ቀስ ባለ እንግሊዝኛው ነገራት። እሷም ጻፈች። ሰውየውን ረዘም አድርጋ አየችው፤ ከዚያ መዝገቧን ዘጋችና የኬዝ ቁጥሩን በትንሽ ካርድ ጽፋ ለልጅቷ ሰጥታ ሄደች። ስሙን በኮምፒውተሯ ታይ፣ አትይ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለን ጸሐፊው በአማርኛ፣ ፊቱ ቀልቶ። «ደጃችን ላይ አይደል እንዴ ያለው? ዋሸሁ?»

የቀጠሮው ቀን ዳውንታውን ሸኘኋት። ፍርድ ቤቱ እንደጠበቅኩት ትልቅ አዳራሽ አልነበረም፤ የትምህርት ቤት ክፍል ያህል ነው። ዳኛው የተበላሹትን ወረቀቶች በፕላስቲክ ውስጥ እንዳሉ ከፍ አድርገው ወደ መብራቱ አዩአቸው። ሪፖርቱን አነበቡ። የምስክሩን ቃል ሁለት ጊዜ መለስ ብለው አነበቡት መሰለኝ፣ ጣታቸው ወደ ላይ ተመልሶ ነበርና። ከዚያ ማብራሪያውን መቀበላቸውንና ምትክ ሰነድ ከአገር ቤት እንድታስመጣ ስድስት ወር መስጠታቸውን ተናገሩ። ጉዳይዋ አልተዘጋም። በጥገኝነት መኖር የተፈቀደላት ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ያን ቀን ግን ከሊፍት ስንወርድ «አልተባረርኩም፣ እትዬ፣ አልተባረርኩም» እያለች ክንዴን ትጨምቀው ነበር።

«መጀመሪያ ለእሱ ልንገረው» አለችኝ። ገናም አልፏልና የዶሮ ጭን አስጠብሰን፣ ትኩሱን ይዘን በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነዳን።

ሰማያዊው ሸራ የለም። አራቱም የሉም። በቦታቸው፣ ድንኳን ዳግም እንዳይተከል፣ የጠረጴዛ ያህል የሚሆኑ ድንጋዮች ተደርድረው ነበር፣ አዲስ፣ ጭቃ እንኳ ያልነካቸው። ጸሐፊው የአዳራሹን ቁልፍ በእጁ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሲያየን ማንም ምንም ሳይለው፣ «በማርያም፣ እኔ አልደወልኩም» አለ። «ጠዋት ስመጣ የከተማው ሠራተኞች አንሥተው ሊጨርሱ ነበር። የት ወሰዳችኋቸው ብዬ ጠየቅኩ፣ የሚያውቅ የለም። ለሰውየው ስልክ ቁጥሬን ልሰጠው ፈልጌ ነበር።»

አመንኩት። ታዲያ ማን ደወለ? ጎረቤት ይሆን? ከእኛው መሐል አንዱ? ወይስ ማንም ሳይደውል የከተማው ተራ ደርሶ? ብዙ ሰው ጠየቅኩ፤ መምህርቷንም ልጃቸውንም ጠየቅኩ። እናትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፤ አናውቅም አሉ።

ልጅቷ የዶሮውን ከረጢት እንደታቀፈች ድንጋዮቹን አየች። «ታዲያ አሁን ለማን ልንገር?» አለች።

ጸሐፊው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ሶ፣ ዳኛው ምን አሉ?» አላት።

አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረችለት።