አያ ቢያድግልኝ ያወጡት እጅ

አያ ቢያድግልኝን መጠርጠር የጀመርሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ቁስቋም ሰፈር ስንኖር ጎረቤታችን ነበሩ። በጎልማሳነታቸው የምክር ቤት አባል ስለነበሩ፣ ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ምድጃቸውን ከበን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ በኩራዝ ብርሃን ወሬያቸውን እንደ ተረት እንሰማ ነበር። አንዱ አገር ሁለት ምክር ቤት እንዳለው፣ የመጀመሪያው ያጸደቀውን ሁለተኛው አልተዋጠልኝም ብሎ እንደሚመልሰው፤ ሌላው አገር ደግሞ ረቂቁ ሦስት ጊዜ ሳይነበብ ሕግ እንደማይሆን ይነግሩናል። እርሳቸው በነበሩበት ግን አንዴ ይነበባል፣ ወዲያው እጅ ይወጣል። «እኔ ብቻ ሳላወጣ እቀመጥ ነበር» ሲሉ ፍሙን ይቆሰቁሳሉ እንጂ ወደኛ አያዩም። ይችን ነገር ልብ አልኋት።

አንድ እሑድ እናቴ ሆስፒታል የጽዳት ተረኛ ስለነበረች፣ የሚባለውን ሰምቼ እንድነግራት ወደ ዕድር ስብሰባ ላከችኝ። ጸሐፊው አዲስ ደንብ ማንበብ ጀመሩ፤ ሦስት ስብሰባ የቀረ አባል ይሰረዛል ይላል። የእናቴ ተራ ሁልጊዜ እሑድ ስለሚውል ሁለቴ ቀርታለች፤ የዛሬው ሦስተኛዋ ነው። ከዕድር የተሰረዘ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ማን ድንኳን ይተክልለታል? ዓይኔን አያ ቢያድግልኝ ላይ ጣልሁ። ንባቡ ሳያልቅ የእርሳቸው እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ደንቡም ጸደቀ።

ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

«አያ፣ ምክር ቤትም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን መሬት መሬት እያዩ፣

«እንዲሁ ነበር፣ ልጄ። ያልወጣ እጅ ነው የሚታየው፤ የወጣማ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል» አሉኝ።

ያኔ የእናቴን ነገር ነገርኋቸው። ሰምተውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ተነሥተው ደንቡ እንደገና ይነበብ አሉ። ጸሐፊው የጸደቀ አይመለስም ቢሉም፣ ሰዉ ቢያጉረመርምም፣ እርሳቸው አልቀመጥ አሉ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በሥራ ተረኛነት የሚቀር አባል አስቀድሞ ካሳወቀ አይሰረዝም፣ እስካሁን የቀረውም አይቆጠርበትም የሚል ተጨመረበት፤ እናቴም ከዕድሯ ሳትወጣ ቀረች።

ያን ቀን የተነሡት ለእናቴ አዝነው ይሁን፣ እኔ ስላየኋቸው አፍረው ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። እናቴ ስማቸው በተነሣ ቁጥር «ሸጋ ሰው» ትላለች። እኔ እጃቸው መጀመሪያ የት እንደነበር ነግሬያት አላውቅም።