አልጋ ያዞረችው ባልዲ

ግንበኛ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን እኔ ካቆምኩት ግድግዳ አንዱም አልዘመመም፣ ያላመነ ሄዶ ይይ። አንድ ቀን ከመሰላል ወደቅኩ። የወደቀው መሰላሉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ብቻ እግሬን ሰቅለው፣ እግሬን የሚጎትት ክብደት እንደ ግንበኛ ቱምቢ አንጠልጥለው ሐኪም ቤት አስተኙኝ።

የማጫውታችሁ ግን ስለ ባልዲ ነው። የክፍላችን ጽዳት ናት። ባልዲዋ ከሷ ቀድሞ ስለሚገባ ባልዲ አልናት። እጇ በበረኪና ተልጧል፣ አንገቷ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለች። ሥራዋ ወለል ነው፤ እሷ ግን ትራስ ታስተካክላለች፣ ውሃ ታቀብላለች፣ ሚስቴን በሰለቻት ቀልድ እንኳ ትስቅልኛለች።

ከጎኔ አንድ ልብስ ሰፊ ተኝቷል፤ ሙስሊም ነው። ሆዱን ኦፕራሲዮን በሚሆንበት ጠዋት ጠራት።

"እህቴ፣ ከመግባቴ በፊት ወደ ጸሎታችን አቅጣጫ ዞሬ ልጸልይ። ማን ያውቃል፣ የመጨረሻዬ ይሆናል። መነሳት ደግሞ አልቻልኩም።"

አልጋው በግድግዳውና በኔ አልጋ መሃል ተጣብቋል።

"ወዴት ነው?" ስትለው እኔ ቀደምኩት።

"አቅጣጫ ለኔ ተዉት! ስንት ቤት አቁሜ!" ብዬ ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ።

"አባባ፣ የርስዎን አልጋ ልገፋ ነው፤ ያምዎታል።"

"እኔን? ግፊው ባክሽ!"

ገፋችው። ክብደቱ ሲወዛወዝ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠርቼ ጨረስኩ። የሱንም አልጋ ላቧ ጠብ እስኪል አዞረች። ሰውየው መስኮቱን አይቶ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ።

"ምነው?"

"ምንም… ደክመሽልኛል፤ ይሁን።"

"ንገረኝ እንጂ!"

"ይሄ ፀሐይ መውጫ ነው፤ የናንተ ነው። የኛ ወደ በሩ ነው።"

አያችሁ፣ እኔ አልተሳሳትኩም፤ ምሥራቅ ምሥራቅ ነው። ብቻ የጠየቀችው የሱን ነበር፣ የሰጠኋት የራሴን። ባልዲ አየችኝና ሳቋ አመለጣት።

"በሉ አባባ፣ ጥርስዎን ይንከሱ" ብላ ሁለታችንንም ወደ በሩ አዞረችን። በዚህኛው ዙር የምጠራው ቅዱስ እንኳ አልተረፈኝም።

ወዲያው ቃሬዛው መጣ፤ ሲስተሯ ከፊት። ባልዲ ምን አደረገች? ባልዲዋን አንስታ በሩ ላይ ገለበጠቻት!

"እንዳትገቡ! ያንሸራትታል!"

"አሁን ነው የሚታጠበው? አልጋውንስ ማን አዞረው?"

"እኔ ነኝ ሲስተር። ይጸልይና ትወስዱታላችሁ።"

"ሃይማኖትሽ አይደለም፣ ምን አገባሽ?"

"ጌታዬ ፊቱ ስቆም የታመመውን አየሽው ወይ ይለኛል እንጂ ወዴት ዞሮ ይጸልይ ነበር አይለኝም" እያለች ትወለውላለች። ያን ያህል ቀስ ብላ ስትወለውል አይቼ አላውቅም።

ሲስተሯ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ጫማዋን ከውሃው መለስ አድርጋ ቆማ ጠበቀች።

ልብስ ሰፊው ሲጨርስ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ባልዲ አማተበች።

"በል ወንድሜ፣ ደርቋል" አለችው።

ከሰዓት በኋላ ከኦፕራሲዮኑ በሰላም ወጣ። አልጋዎቹን የመለሳቸው ግን የለም። በማግስቱ ጠዋት አንገቴን ወደ መስኮቱ ጠምዝዤ ስጸልይ ባልዲ ደረሰችብኝ።

"አባባ፣ ላዙርዎት እንዴ?"

ልብስ ሰፊው ገና በሩን እያየ ተኝቷል፤ የኔ አልጋ ከዞረ የሱም መዞሩ ነው።

"ተዪው" አልኳት፣ "አንገት ምን ይሠራል?"