ሰባት ቤት የተቆጠረለት ኮምፒውተር

አባቴ ቄስ ናቸው። ቄስ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ችግሩ ዘር ቆጣሪም ናቸው። መሐል ሜዳና አካባቢዋ ልጅ ሊድር ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ቤት ነው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አስደግፈው፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በልጁ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ፤ ከዚያ በልጅቷ በኩል ይወርዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ «አይሆንም፣ ሥጋ ናቸው» ይላሉ፤ አለቀ። ጠላው ቢጠመቅ፣ በጉ ቢገዛ፣ የጥሪ ካርዱ ቢታተም አይሰሙም። ካርዱን የማትመው ደግሞ እኔ ነኝ። ስንቱን ካርድ እንዳስጣሉኝ እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው።

እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው። እጽፋለሁ፣ አትማለሁ፣ የመጽሐፍ ገጽ አሰናዳለሁ። አንድ ቀን አንድ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ገጽ እያሰናዳሁ በኢንተርኔት እንድልክለት ሥራ ሰጠኝ። እየሮጥኩ ገብቼ «አባባ፣ የአዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ!» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ዳዊታቸውን መድገም ቀጠሉ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ግን በምኑ ልሥራው? አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ከወፍጮ ቤት ጋር ነው። ወፍጮው ሲነሳ አምፖሉ ይፈዛል፣ የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ድርግም ይላል። የሠራሁት ሁሉ ገደል ይገባል። በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ እጮኻለሁ፦ «አንተ ሰውዬ! ምናለ ይቺን ገጽ እስክጨርስ ብትታገሠኝ?»

«የሰው እህል አቁሜ አንቺን ልጠብቅ?» ይለኛል ባለወፍጮው፣ ዱቄት በዱቄት ሆኖ።

የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች፤ ትዕግሥቷ ግን አለቀ። «እህቴ፣ ሥራሽን ወድጄዋለሁ። ዛሬ ጠፋ፣ ነገ ጠፋ ግን አይሆንም። ወይ የማይጠፋ ማሽን ይኑርሽ፣ ወይ እዚህ መጥተሽ በእኛ ማሽን ሥሪ» አለችኝ በስልክ።

መሄድ ለሌላ ሰው ቀላል ይሆናል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባባ ብቻ ነን። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። ወንድሞቼ አንድ በአንድ ወጥተው ከተማ ቀሩ፤ ለበዓል ይደውላሉ። እኔም ከሄድኩ አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው የሚገቡት ወደ ባዶ ቤት ነው። ከማን ጋር ይበላሉ? ከማን ጋር ይነታረካሉ? አልሄድም አልኩ። ላለመሄድ ደግሞ የማይጠፋ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል። ተገጣጥሞ የሚሸጠውን አላመንኩትም፤ አብዛኛው የደከመ የቢሮ ዕቃ አቧራው ተጠርጎ ነው። ክፍሎቹን መርጬ ራሴ ልገጥመው ወሰንኩ።

አባባ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ደብረ ብርሃን የሚወርዱበት ቀን ደረሰ። እኔ የጠፋብኝን ምዕራፍ እንደገና እየሠራሁ ስለነበር መንቀሳቀስ አልቻልኩም። የምፈልገውን ዕቃ ጽፌ ሰጠኋቸው።

«የጻፍሽው ቢታጣስ?» አሉ ጥምጣማቸውን እየጠመጠሙ።

«የሚቀርበውን ይውሰዱ። ብቻ እርስ በርሱ የሚስማማ ይሁን።»

«መስማማቱን በምን አውቃለሁ?»

ቸኩያለሁ። ወፍጮው ሊነሳ ነው። «አባባ፣ በቃ እንደ ጋብቻ ይዩት። ማዘርቦርድ የምትባለው፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካባት ሰሌዳ፣ ሙሽራዋ ናት። ፕሮሰሰር የሚባለው፣ አሳቢው ክፍል፣ ሙሽራው ነው። ሁለቱ የሚጋቡ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ እንዳይገዙ።»

ፊታቸው ፈካ አለ። «እሱንማ ለእኔ ተዪው» አሉኝ።

ይህን ያልኩት ለማን እንደሆነ እንኳ ልብ አላልኩም።

በማግስቱ ሲመለሱ ብብታቸው ውስጥ የታቀፉት ነገር ሕፃን ነበር የሚመስለው። ዕቃውን በባና ጠቅልለውታል። ባና የኛ አገር የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ለሰው እንጂ ለማዘርቦርድ አልተሠራም። ጠጉር በደረቅ ብርድ ሲፋተግ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ያቺ ብልጭታ ደግሞ ሰሌዳውን ድምፅ ሳታሰማ ትገድለዋለች።

«ኧረ በስማም! ካርቶኑስ?»

«ጣርማ በር ላይ ያለውን ብርድ ታውቂው የለ? ካርቶን ምን ያሞቃል? አንዲት ሴትዮ እንቁላሏ ሊሰበርባት ሆነ፤ ሰጠኋት።»

ባናውን ቀስ ብዬ ፈታሁት። ቦርዷ ደህና ትመስላለች። ፕሮሰሰሩን ገልብጬ ሳየው ሆዱ በሙሉ እሾህ ነው። የቦርዷን ማስቀመጫ ከፈትኩ፤ እሷም እሾህ! እሾህ በእሾህ ላይ እንዴት ይቀመጣል? አንዱ የአንድ ኩባንያ፣ ሌላው የሌላ ኩባንያ ነው።

«አባባ፣ እነዚህ የአንድ ቤት አይደሉም እኮ!»

«እንዴታ!» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «አይደሉም።»

ቁጭ ብለው አወጉኝ። የጻፍኩት ፕሮሰሰር አልነበረም። ሻጩ ሌላ አወጣና «አባ፣ ይሄ ከቦርዷ ጋር የአንድ ቤት ነው» አላቸው። አባባ ደነገጡ። «ትውልዳቸውስ?» ብለው ጠየቁ። እኛ የኮምፒውተር ሰዎች ጀነሬሽን የምንለውን ልጁ ለካህን ብሎ በአማርኛ አሳምሮ «ትውልዳቸውም አንድ ነው አባ፤ ሁለቱም ስድስተኛ ትውልድ ናቸው» አለ።

«ስድስተኛ!» አሉኝ አባባ፣ ያኔ የጮኹትን ጩኸት ደግመው። «ሰባት እንኳ አልሞላም! እግዚኦ፣ እህትና ወንድም ልታጋባ ነው? ባዕድ አምጣ አልኩት። ከሌላ ቤት፣ ደም የማይነካካ ሰጠኝ።»

«ራሙንስ? ማስታወሻውን?»

«እሱ ሚዜ ነው ብዬ ዘሩን አልጠየቅሁም። የጻፍሽውን ነው ያመጣሁት።»

ራሙ ልክ ነበር። ደሜ ፈላ፤ ሳቄም መጣ፤ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። በኮምፒውተር አገር ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው፤ የአንድ ቤት ካልሆኑ፣ በትውልድም ካልተቀራረቡ አይጋቡም፣ ባዕድ ከባዕድ አንድ አልጋ ላይ አይወጣም ብዬ ጮኼ አስረዳኋቸው። ጮኼ ስላስረዳሁ ባለወፍጮው በአጥሩ በኩል ሁሉንም ሰማ።

ከዚያ በኋላማ ምን ይጠየቃል? ወፍጮ ቤት የገባ ወሬ ከዱቄቱ ጋር ነው በየቤቱ የሚደርሰው። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስልኩን አውጥቶ «አባ፣ ስልኬና ባትሪው ሥጋ እንዳይሆኑ ይቁጠሩልኝ» ይላቸዋል። ሌላው «የኮምፒውተር ጋብቻ አፈረሱ አሉ» እያለ ያልፋል። አባባ ቀልድ የማይወዱ ሰው፣ በዘር ቆጠራቸው የቀለደውን ሰው በመቋሚያ የሚያባርሩ ሰው፣ ያን ሰሞን ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ። አረጁ ብዬ አዘንኩላቸው።

ዕቃውን ይዤ ራሴ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ሱቁ ገና ከመግባቴ ጀመርኩት። «አታፍርም? ሽማግሌ ካህን አታልለህ የማይገጥም ዕቃ ትሸጣለህ?»

«የአባ ልጅ ነሽ?» አለኝ ሻጩ፣ ቀጭን ወጣት ነው። «እህቴ፣ ነግሬያቸው ነበር! አይገጥምም አባ፣ ኧረ አይሆንም አባ እያልኩ...»

«ዝም በል! ሻጭ ሁሉ ሲያዝ እንዲህ ነው የሚለው።»

ሰው ተሰበሰበ። ልጁ ግን ጨዋ ነበር፤ ካርቶን የሌለውን ዕቃ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ተቀበለኝና ስድስተኛ ትውልዱን ሰጠኝ። ስወጣ «አባ ግን ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ምን አገባህ!» ብዬው ወጣሁ።

እግረ መንገዴን ፓወር ሳፕላዩን በራሴ እጅ መረጥኩ። መብራቱን ተቀብሎ ለየክፍሉ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለፍጥነት ነው፤ የሚያበራ፣ በቀለም የሚብለጨለጭ ኬዝ፣ ማለት ሣጥን፣ ይገዛል። መንዝ ላይ ግን ኮምፒውተር የሚሞተው ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም፤ መብራት ገድሎት ነው። እየመዘንኩ ከበድ ያለውን አነሳሁ፤ ቀላሉ ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል የሚያስተካክል ስታብላይዘር፣ ሲሄድም ሥራዬን እስካስቀምጥ የሚያቆየኝ ባትሪ ጨመርኩበት። ለእነሱ ሰባት ቤት አልተቆጠረም፤ የወፍጮውን ሞተር ይቻሉ እንጂ።

እቤት ገብቼ ባናውን ሩቅ አስቀምጬ ጠረጴዛ ላይ መግጠም ጀመርኩ። ፕሮሰሰሩን በጥግ ምልክቱ አስተካክዬ ሳስቀምጠው ሳይታገል እርፍ አለ። ራሙ ቀጭ ብሎ ገባ። አባባ በር ላይ በርጩማ ስበው ዳዊት ይደግማሉ፤ አንዴም ቀና ብለው አላዩኝም። ሌላ ጊዜ ብሎን ስፈታ እንኳ «ይሄ ምንድን ነው? ያስ?» እያሉ የሚያስለቅሱኝ ሰው ናቸው። ተቀይመውኛል አልኩ በሆዴ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያዋ ዞረች፤ ስክሪኑ በራ። ማተሚያ ቤቱ የላከልኝን ሥዕል የሞላበት ትልቅ መጽሐፍ ከፈትኩና ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

«አንተ ሰውዬ! ወፍጮውን አስነሳ!»

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ? አጥፋ እያልሽ አይደል ስታቃጥዪኝ የኖርሽው?»

«አስነሳው አልኩህ!»

አስነሳው። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አምፖሉ ፈዞ ቀላ። ስታብላይዘሩ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ኮምፒውተሩ ግን ወይ ፍንክች! ገጽ እገልጣለሁ፣ ይገለጣል፤ ሥዕል አንቀሳቅሳለሁ፣ ይንቀሳቀሳል። እልልታዬን አቀለጥኩት። ባለወፍጮው ሳይቀር ከአጥሩ ማዶ አብሮኝ እልል አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

አባባ ዳዊታቸውን አጠፉ። ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «መቼ ነው የምትሄጂው?» አሉኝ።

«የት?»

«አዲስ አበባ ነዋ። የአዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ አላልሽኝም?»

«አባባ፣ ሥራው ነው እንጂ የአዲስ አበባ፣ የምሠራው እኮ እዚሁ ነው! እዚህ ጠረጴዛ ላይ! ይሄ ዕቃ ባይሠራ ነበር የምሄደው። ይሄን ሁሉ የለፋሁት እርስዎን ጥዬ ላለመሄድ ነው።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያ ልጅ ነግሮኝ ነበር» አሉ።

«የቱ ልጅ?»

«ሻጩ። አይገጥምም አባ ብሎኛል። መጀመሪያስ የእውነት ነው የደነገጥኩት። ኋላ ግን አስረዳኝ፤ ገባኝም። ከገባኝ በኋላ ነው ባዕዱን ስጠኝ ብዬ ድርቅ ያልኩት። ወንድሞችሽም ኮምፒውተር ተምረው ነው የሄዱት። ዕቃው ካልሠራ ትቀሪልኛለሽ ብዬ ነው። ከዚያ ሰዉ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ አልኩ።»

«አባባ!» አልኩ። ያንን ምስኪን ልጅ በሰው ፊት ያዋረድኩት ትዝ አለኝ። እሳቸውም ሊያስቀሩኝ ብለው፣ ዕቃው ባይሠራ ኖሮ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ ሊሸኙኝ ነበር። ልቆጣ ብዬ ሆዴ ባባ። ይሄን ያህል እንደሚፈልጉኝ አንድ ቀን እንኳ በአፋቸው ብለውኝ አያውቁም ነበር።

«ለስንቱ ንስሐ ስሰጥ ኖሬ» አሉ መሬት መሬት እያዩ፣ «እንግዲህ ዛሬ ቀኖናውን አንቺ ስጪኝ።»

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ። «እሺ። ነገ ወፍጮ ቤት ይሂዱና ሰው ሁሉ ባለበት አውቄ ነው ያደረግሁት፣ ልጄ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው ይበሉ።»

አሰቡ። አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ።

«ስግደት አይሻልም?» አሉ።

«ጉልበቴን ያመኛል ይሉ የለም እንዴ?»

«ጉልበቴ ይችላል» አሉና እዚያው መስገድ ጀመሩ። ዝቅ ሲሉ ይቃትታሉ፣ ሲነሱ የበሩን መቃን ይይዛሉ። «ይበቃል አባባ፣ ኧረ ይበቃል» እያልኩ ብይዛቸውም አልቆም አሉ።

«ፍቺኛ መጀመሪያ!» አሉኝ እያለከለኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታዎ» አልኳቸው፣ ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቅሎ። «እኔም ፈትቻለሁ። የትም አልሄድም፤ አሁን ይቀመጡ።»