ሲሪላ ዝም ያለች ዕለት

በዚያ ባሕር ዳርቻ ሕፃን ተወልዶ እትብቱ ደርቆ ከወደቀ በኋላ፣ እምብርቱ ላይ አንድ ነገር ይነሰነስበታል። የተነሰነሰው ነገር ጠባይ ወደ ልጁ ይሄዳል። ታታሪ እንዲሆን የጉንዳን ዱቄት፣ ጠንካራ እንዲሆን የዛፍ ልጥ። የሲሪላ አያት ግን የበቀቀን ላባ አመድ ነሰነሱባት። ምን አስበው እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ፤ መንደሩ ከዚያ ወዲህ ጆሮው አላረፈም።

ሲሪላ እንደ ሌሎቹ የመንደሩ ሴቶች፣ ውሃው ሲጎድል ማንግሮቭ በሚባሉት ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅሉ ዛፎች ሥር ጭቃ ውስጥ ገብታ ፒያንጉዋ የሚባለውን ሁለት ጥቁር ዛጎሉን እንደ አፍ ገጥሞ የሚዘጋ የባሕር እንስሳ ትለቅማለች። እጇ ጭቃ ሲፈለፍል አፏ ሰው ይፈለፍላል። ሁለቱም ያስቀናሉ።

ያን ሰሞን ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያውን ስትወልድ ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ስለዚህ የጉዋፒ ከተማ ነርስም፣ የመንደሩ አዋላጅ እትዬ ኔሬያም ባንድ አፍ፣ «ይኼኛው ከተማ ነው የሚወለደው» ብለዋታል። ችግሩ ውሃው ነው። ባሕሩ ሲሞላ ጀልባ ይወጣል፤ ሲጎድል የወንዙ አፍ ጭቃ ይሆንና እንኳን ጀልባ ዳክዬም አያልፍበት። ምጧን በጊዜ ያላወቀች ሴት ቀጣዩን ሙላት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ደም ደግሞ ሙላት አይጠብቅም።

ሲሪላ ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። ሁለቱንም ጊዜ ሆዷ ድንጋይ ሲሆንባት አበልጇ ዋልቤርቶ ጀልባውን አስነስቶ ከተማ አደረሳት፤ ሲደርሱ ሕመሙ የለም። ነርሷ ምንም አልከፋትም። «የውሸት ምጥ ነው። ይኼ እንደፈለገው ይመጣል፣ ጋደም ሲሉና ትኩስ ነገር ሲጠጡ ይጠፋል። እውነተኛው ብትተኚም ብትሄጂም አይለቅሽም፤ እየተቀራረበ፣ እየበረታ ነው የሚመጣው። ብትጠራጠሪ ግን መቶ ጊዜ ነይ» ብላ መለሰቻት።

ዋልቤርቶ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። ዶሚኖ የሚጫወቱ ወንዶች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «አበልጄ፣ ሽርሽር ሲያምርሽ እንዲሁ ንገሪኝ፤ በሆድሽ አታሳብቢ» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲሪላ በሰው መሳቅ እንጂ መሳቂያ መሆን አልለመደችም። «ከእንግዲህ የልጁ ጭንቅላት ካልታየ ያንን ሰውዬ ብጠራ!» ብላ ማለች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወገቧን ያዛት። ደም የነካው ዝልግልግ ነገርም አየች። ጋደም አለች፣ ትኩስ የጠጅ ሣር ሻይ ጠጣች፤ ሕመሙ ወይ ፍንክች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ መቼም ስለ ሰው እንጂ ስለ ራሷ ማውራት አትወድም። ባልዋ ባሕር ላይ ዓሣ እያጠመደ ነው። ቅርጫቷን አንስታ ከሴቶቹ ጋር ወደ ማንግሮቩ ወረደች።

ትንኙን ለማባረር የኮኮናት ልጣጭ በየጣሳው ይጨሳል። ሲሪላ ጭቃው ውስጥ ተዘፍቃ፣ ባሏ ስለሞተባት ስለ ባለሱቋ ዶሚቲላ ታወራለች።

«እህቷ የዶሚቲላን ቤት ልትጠርግ ገባች አላልኳችሁም? ጠረገች፣ ጠረገች፣ ከዚያ አልጋው ሥር መጥረጊያውን ስትሰድ...»

ጸጥ አለች።

«እሺ፣ ስትሰድስ?» አለች አንዷ።

«ስትሰድ... ምን አልኩ? አዎ፣ መጥረጊያው አንድ ነገር ነካ። ጎትታ ስታወጣው...»

እንደገና ጸጥ። ወገቧ ላይ የጀመረው ዞሮ ሆዷን ጨምቆ ያዛት። የዛፉን ሥር በሁለት እጇ ጨበጠች።

እትዬ ኔሬያ ከዛፎቹ ወዲያ ቀና አሉ። መንደሩን በሙሉ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ናቸው። «ሲሪላ፣ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ትንኝ አፌ ገብቶ ነው፣ እትዬ።»

«ትንኝ ገብቶ አፍሽን ዘግቶት አያውቅም። ወሬሽ ሰልችቶት ይወጣል እንጂ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሲሪላም ልትስቅ ስትል እግሯ ላይ አንድ ነገር ፈሰሰ። እስከ ጭኗ ጭቃና ውሃ ውስጥ ላለች ሴት እርጥበት ምን አዲስ ነገር አለው? ይኼ ግን ሞቀ። ያ ጭቃ ከተፈጠረ ጀምሮ ሞቆ አያውቅም።

የዋልቤርቶ ፌዝ ትዝ አላት። የፊተኛው ወሊድ ደምም ትዝ አላት። «እትዬ፣ ውሃዬ ፈሰሰ» አለች።

«ቀለሙ?»

«ንጹሕ ነው።»

«ልጁ ይንቀሳቀሳል?»

«እንደ እናቱ!»

«እንግዲያው ተነሺ። ውሃው መሙላት ጀምሯል፤ ሳያመልጠን።»

ታንኳዎቹ እንደተንሳፈፉ ቀዘፉ። መንደር ሲደርሱ ውሃው ጢም ብሎ ሞልቶ ሊመለስ ምንም አልቀረው። ዋልቤርቶ ባንድ እግሩ ጥቁር ቦት፣ ባንዱ ቢጫ ቦት አድርጎ ዶሚኖው ላይ አቀርቅሯል።

«ውይ አበልጄ! ዛሬ ደግሞ ወዴት እንንሸራሸር? ቆይ፣ ይቺን ጨዋታ ልጨርስ።»

ሲሪላ ወገቧን ያዘች፣ አገጯን አነሳች። «አንተ ነውረኛ! አንተ የዶሚቲላ...»

አልጨረሰችውም። አፏ እንደተከፈተ ቀረ፤ ዐይኗን ጨፈነች፣ ጠረጴዛውን ጨበጠች። የመንደሩ ሰው ሲሪላ ስድብ ጀምራ ሳትጨርስ ስትቀር ዐይቶ አያውቅም። ዋልቤርቶ ዶሚኖውን በትኖ ወደ ጀልባው በረረ። ለሕይወቷ ፈርቶ ይሁን፣ ለዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከተማ በጊዜ ደርሳ ሴት ልጅ ወለደች። ደሙ እንደ ፊተኛው ሊጀምራት ሲል ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ቆማ ነበርና ገታችው። እትዬ ኔሬያ ግንባሯን እየጠረጉ፣ «አፍሽ ነው ያተረፈሽ» አሏት። «ዝምተኛ ሴት ዝም ብትል ማን ልብ ይላታል?»

የሕፃኗ እትብት ወድቆ እምብርቷ ደህና ሲድን መንደሩ ተሰበሰበ። ዋልቤርቶ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ይዞ መጣ። «የፒያንጉዋ ዛጎል ነው፣ አበልጄ። ገጥሞ የማይከፈት አፍ ይሰጣታል። ለልጅቷ አስቤ ነው።»

«ለልጅቷ ነው?» አለች ሲሪላ። «እትዬ፣ የበቀቀኑን ላባ አመድ ያምጡልኝ።»

እትዬ ኔሬያ አመዱን ነሰነሱ። ሕፃኗ ወዲያው ጮኸች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አንዷ ለቃሚ አላስቻላትም። «ሲሪላ፣ በሞቴ፣ አልጋው ሥር የተገኘው ምን ነበር?»

ሲሪላ ልጇን ጡት አጉርሳ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ቦት ነው» አለች። «አንድ እግር። ቢጫ።»

ሰው ሁሉ ወደ ዋልቤርቶ እግር ዞረ።