የግራ እጇ ስፖርት

ልጄ ስትወለድ አላለቀሰችም። አዋላጇ አፏንና አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ጭንብል ደፍታ አየር እስክትሰጣት ድረስ መልኳ ጠቁሮ ቆየ። በኋላ ደሴ ያያት ሐኪም «ስትወለድ ኦክስጅን አጥሯት ነበር፤ ግራ እጇን ሳታቋርጡ በየቀኑ ስፖርት አሠሯት» አለን። አገሩ ደጋ ስለሆነ፣ አየሩ ሳስቶ ነው ያለን ጎረቤትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ ጣቶቿን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፣ ክንዷን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ደግሞ በመቆጣቴ እናደዳለሁ። ስድስተኛ ዓመቷን ስትይዝ፣ ለሰው አይነገርም እንጂ፣ ስልችት ብሎኝ ነበር።

መካነ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስልኬን ስነካካ ስለ አንጎል ስቴም ሴሎች የተጻፈ ነገር አገኘሁ። እነዚህ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸው ሕዋሳት ማህፀን ውስጥ የሚያድጉት ኦክስጅን አነስ ባለበት ነው ይላል። ማነሱ እንዲራቡ ይረዳቸዋል፤ የደም ሥር ደርሶ ኦክስጅኑ ሲጨምር ደግሞ ወደ ነርቭ ሕዋስነት መለወጥ ይጀምራሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ እንግዲያው እጥረቱ አልጎዳትም፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት ብዬ ደመደምኩ። የማይመቸኝን አንቀጽ ዘለልኩት።

«በራሱ ይመጣል፤ ትንሽ እናሳርፋት» አልኳት ባለቤቴን። እሷ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት።

«እንጃ» አለች። «የተማርከው አንተ ነህ።»

ስፖርቱ በሳምንት ሁለቴ ሆነ፤ ከዚያ አንዴ፤ ከዚያ ቀረ። እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ ለመድኩ።

ኅዳር ላይ ይህንኑ የስቴም ሴሎች ነገር ክፍል ውስጥ በኩራት ሳስተምር ከወግዲ የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኦክስጅን ማነሱ ጥሩ ከሆነ፣ ሲወለዱ የሚታፈኑ ልጆች ለምን ይጎዳሉ?»

መልሱን አላጣሁትም። ማህፀን ውስጥ ያለው ማነስ ልክ አለው፤ ሕዋሳቱ የለመዱት ነው። ድንገት ሲቋረጥ ግን የተሠራውም ይሞታል። ቡቃያ በካፊያ ይከርማል፤ ዝናቡ ጨርሶ ሲጠፋ ይደርቃል አልኳቸው። ይህን እያስረዳሁ በራሴ አፈርኩ። ያን ጽሑፍ ሳነብ የፈለግሁት ዕውቀት አልነበረም፤ «በቃህ፣ ዕረፍ» የሚለኝ ነበር።

ያን ቀን ቤት ገብቼ የልጄን ግራ እጅ ስይዘው ጣቶቿ ተቆላልፈዋል። ክረምት ሳይገባ በራሷ ትከፍተው የነበረውን መዳፍ አሁን መክፈት አቃታት። ባለቤቴ አየችና ወደ ጓዳ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ጣት ቀስ አድርጌ መዘርጋት ጀመርኩ። አመማት፤ ግን አላለቀሰችም። ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ያቆምነው ድኜ አይደለም እንዴ?»