ፊልሙ ሲበጠስ የምትዘፍነው

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ በትኬት ቆራጭነት ስትቀጠር ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መስኮቱ ከመጥበቡ የተነሳ ሰው የሚያውቀው ጣቶቿንና ድምጿን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቤቱ ያለው አንድ ማጫወቻ ነበርና፣ አንዱ የፊልም ጥቅል አልቆ ሌላው እስኪገባ መብራት ይበራል፤ ተመልካቹም ያፏጫል፣ ወንበር ይደበድባል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ከመሃል ብጥስ አለ። አዳራሹ ቀውጢ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ላብ እያጠመቀው መጣ።

«ውጪና ታገሡን በያቸው። ሴት ላይ አፋቸውን አይከፍቱም።»

መድረኩ ላይ ወጣች። «ታገሡን» የሚለው ቃል አልወጣ ቢላት፣ ከታላቅ እህቷ የተማረችውን ዘፈን ለቀቀችው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ፉጨቱ ቀጥ አለ። ደፈር ብላ ደግሞ ቅድም በፊልሙ ውስጥ ፈረስ ላይ ሲንጠራራ የነበረውን ጀግና አካሄድ ብታስመስል፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ ስሟ «እረፍት» ሆኖ ቀረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዉ የሚመጣው ለፊልሙ ይሁን ለእሷ አልታወቀም። ፊልሙ ልብ በሚሰቅልበት ሰዓት እንኳ ከኋላ «ይበጠስ!» የሚል አይጠፋም። እናቷ «እኔ የወለድኩት ትኬት ቆራጭ እንጂ ዘፋኝ አይደለም» ብላ አኩርፋ ነበር፤ በአራተኛው ወር ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ከመጨረሻው ወንበር ስትስቅ ተያዘች።

ፊልም አጫዋቹ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለተኛ ማጫወቻ ይገዛልኝ እያለ አለቃውን ሲነዘንዝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከላይ ካለችው ክፍሉ ወርዶ መስኮቷ ሥር ቆመ።

«መጣልኝ» አላት። «ከነገ ጀምሮ ማቋረጥ የለም።»

«እንኳን ደስ አለህ።»

«እኔ እኮ ለሥራዬ ብዬ እንጂ...»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ኖሯል? ለእኔ ብለህ ፊልም ስትበጥስ ልትኖር?»

አንገቱን ደፋ። «አንዳንዴማ በጥሼያለሁ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ወደ እንባ ዞረባት።

ሲኒማ ቤቱን ለቅቃ ከአንድ የሙዚቃ ቡድን ጋር ስድስት ዓመት በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ዞረች። ጭብጨባው አልጎደለባትም። ግን እነዚያ ሰዎች ሊደሰቱ መጥተው፣ ጸጥ ብለው ነው የሚጠብቋት። የሲኒማው ሰው ተናዶ ነበር የሚጠብቃት፤ የተናደደን ማሳቅ ደግሞ ሌላ ጣዕም አለው። በሠላሳ አራት ዓመቷ «በቃኝ» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። አጫዋቹ አላገባም ነበር። ለመጠየቅ ሲንተባተብ ጊዜ እሷው ጨረሰችለት።

ሲኒማ ቤቱ ዛሬ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው። የማጫወቻው ጩኸት የባሏን ጆሮ ስለበላው፣ ስትዘፍንለት ጮክ ብላ ነው። «አልሰማሁም» ይላታል፣ ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር። መስማቱን እያወቀች እንደገና ትጀምርለታለች።