የአባቴን ስልክ ሩት ያደረግሁ ጊዜ

ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ የምጠግንባት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ሥራዬን አውቃለሁ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ውኃ የገባበት፣ የተሰበረ፣ አልነሣም ያለ ስልክ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። የአባቴን ስልክ ስቀበልም ቅንጣት አልተጠራጠርሁም።

አባቴ ዘጌ የሚያስተምሩ የድጓ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው አድገው በየአገሩ ከተበተኑ ወዲህ አባቴ ዜማውን በራሳቸው ድምፅ እየቀዱ በቴሌግራም ይልኩላቸዋል። ስልካቸው ግን አስቸገራቸው። ሲገዙት አብረውት የመጡ የማይጠፉ መተግበሪያዎች ነበሩበት፤ ዜማው መሐል ላይ ሲደርስ አንዱ ብቅ ብሎ ማስታወቂያ ያሰማል። አንድ ቅዳሜ በጀልባ መጡና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ለፍላፊ አውጪልኝ» አሉኝ።

ሩት ላደርገው ወሰንሁ። ሩት ማድረግ ማለት ፋብሪካው የቆለፈውን ሥልጣን ከፍቶ ለባለቤቱ መስጠት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ የታዘዘውን ሁሉ ይፈጽማል። ቁልፉ ሲፈታ በውስጡ ያለው ስለሚጠፋ በመጀመሪያ የዜማ ቅጂዎቹን በሙሉ ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥሁ። ምሳ ሳይደርስ ጨረስሁ። ማስታወቂያው ጠፋ፤ ስልኩም ፈጠነ።

አንድ ነገር ግን ጨመርሁ። ሩት የተደረገ ስልክ፣ አንድ መተግበሪያ ያን ትልቅ ሥልጣን ሲፈልግ «ልፍቀድ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። አባቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። ጥያቄው እንዳያስቸግራቸው ብዬ «ሁልጊዜ ፍቀድ» አልሁትና ዘጋሁት።

አባቴ ስልኩን ሲያበሩት አንድ ጽሑፍ ወጣ። የተጻፈ ነገር ሳያነቡ ማለፍ አይወዱም።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይደል አባባ፤ ሲነሣ የሚለው ነው።»

አመኑኝ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጧት ደቅ ደሴት ላይ የሚያገለግሉ ቄስ፣ የአባቴ የቀድሞ ተማሪ፣ ደወሉልኝ።

«የኔታ ደኅና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናቸው። ምነው?»

«መልእክት ላኩልኝ። ወደ ስልክህ የሚመጣውን ቁጥር ቶሎ ላክ ይላል። ላክሁ። አሁን ቴሌግራሜ አልከፈትም አለ። ኋላ ሳስበው ደግሞ፣ የኔታ ሰላምታ ሳያስቀድሙ ጽፈው አያውቁም።»

አባቴ ዘንድ ደወልሁና «አባባ፣ ስልኩን አሁኑኑ ያጥፉት፤ እስክመጣ እንዳያበሩት» አልኋቸው። ክፍሌን ቆልፌ በመጀመሪያው ጀልባ ዘጌ ገባሁ።

መንሥኤውን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። አንድ የማይታወቅ ሰው አባቴ ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያሰላ መተግበሪያ ልኮ ነበር። አባቴ ደስ ብሏቸው ጫኑት። መተግበሪያው ሥልጣን ሲጠይቅ ስልኩ ዝም ብሎ ሰጠው፤ እንዳይጠይቅ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። እሱም የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ወስዶ በአባቴ ስም ይጽፍላቸው፣ ቁጥሩን በላከለት ሰው ቴሌግራምም ይገባ ጀመር።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያያሉ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አሉኝ።

አዎ ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ያን ጊዜ ያፈርሁትን ያህል በሥራዬ አፍሬ አላውቅም።

«አይደለም አባባ። እኔ ነኝ። ያ ሲነሣ የሚወጣው ጽሑፍ የሚለው ‹ስልኩ ተከፍቷል፣ አያስተማምንም› ነበር። ምንም አይደል ያልሁዎት ዋሽቼ ነው።»

«ለእኔ ነገርሽኝ» አሉ። «ለእነሱም ንገሪያቸው።»

በእኔ ስልክ ለተማሪዎቹ አንድ በአንድ ደወልን። እሳቸው ሰላምታ ይሰጡና ስልኩን ወደ እኔ ይመልሱታል። ያደረግሁትን ተናገርሁ፤ ከሌላ ስልክ የገባውን እንዴት እንደሚያስወጡ፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚያኖሩ አስረዳሁ። አንዱ ሳቀ። ጎንደር ያለው ግን ተቆጣ። «የኔታ ሲያዙ ለምን ብለን አንጠይቅም። በዚያ ነው የገቡብን» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት።

ብዙዎቹ ቴሌግራማቸውን አስመለሱ። የደቁ ቄስ አልተሳካላቸውም፤ አዲስ ከፈቱ። የጠፋባቸውን ዜማ ኮምፒውተሬ ላይ ካስቀረሁት ቅጂ መልሼ ላክሁላቸው።

የአባቴን ስልክ ጠርጌ የፋብሪካውን ሥርዓት መልሼ ጫንሁበት፤ ቁልፉንም ዘጋሁት። ለፍላፊዎቹ ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው ዳታውን አጥፍተው እንዲቀዱ የነገርኋቸው። ኢንተርኔት ከሌለ ማስታወቂያው ከየትም አይመጣም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር፤ እኔ ግን የማውቀውን ሁሉ ለማሳየት ቸኩዬ ነበር።

ሩት ማድረግ አልተውሁም። የሚያደርገውን ለሚያውቅ፣ ለሙከራ ለያዘው ስልክ፣ ዛሬም እሠራለሁ፤ ጥሩ አድርጌም እሠራለሁ። በቀደም አንድ ጎልማሳ ከሰባታሚት መጥቶ ስልክ ዘረጋልኝ።

«ሩት አድርጊልኝ።»

«ማን ነው የሚይዘው?»

«እናቴ።»

«አላደርገውም» አልሁት። ሌላ ቦታ እንደሚሠሩለት ነገረኝ። «ይሠሩልሃል፤ መጀመሪያ ግን ተቀመጥና ስማኝ» አልሁት። ተቀመጠ። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት፤ ከዚያ እናቱን ያስቸገሯቸውን መተግበሪያዎች ስልኩን ሩት ሳላደርግ አንድ በአንድ ዝም አሰኘኋቸው። ስልኩን ይዞ ቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደ።